ዓሣ ሲያድግ ምግቡ ምን ይሆናል? በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ጨጓራ ከፍቶ የማወቂያ መመሪያ

የሀዋሳ የዓሣ ገበያ ወደሆነው አሞራ ገደል ሄዳችሁ «አምባዛ ምን ይበላል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ አይሆንም። አንዱ «ዓሣ ነው እንጂ!» ይላል። ሌላው «ሆዱን ስንከፍተው ጭቃና ሣር ነው የምናገኘው» ይላል። ሦስተኛው «ያገኘውን ነው» ብሎ ይገላግላችኋል። ሦስቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያልተስማሙት የከፈቱት አምባዛ መጠኑም፣ የተያዘበት ሰዓትም፣ የተያዘበት ቦታም ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው ጥያቄው ነው፦ አምባዛ ስንት ሴንቲሜትር ሲሆን ምን ይበላል?

ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ በራሳችሁ እጅ እንድትመልሱ የተዘጋጀ ነው። የባዮሎጂ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር፣ የተፈጥሮ ክበብ አባላት፣ በመንጠቆ የሚያጠምዱ ሰዎችና በኩሬ ዓሣ ማርባት የጀመሩ ወጣቶች ሊሠሩበት ይችላሉ። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና በንጽሕና የተያዘ መዝገብ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ነገሩ የእኛ ሐይቅ ዓሦች ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ ልብ በሉ። በሰሜን አውስትራሊያና በደቡብ እስያ የባሕር ዳርቻዎች የሚኖረው፣ ስፖርት አጥማጆች አጥብቀው የሚፈልጉት ባራሙንዲ፣ ጫጩት ሳለ ለዓይን የሚያስቸግሩ ጥቃቅን የውኃ እንስሳትን ይለቅማል። ከፍ ሲል ወደ ሽሪምፕና ወደ ነፍሳት ይሸጋገራል፤ ሲተልቅ ዋና ምግቡ ዓሣ ይሆናል። የዚህ ዓሣ የቅርብ ዘመድ በእኛው አባያና ጫሞ ሐይቆች ውስጥ አለ፤ ናይል ፐርች ነው፤ ሁለቱም ላተስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ናይል ፐርችም በዚሁ መንገድ ያልፋል፤ ትልቁ የራሱን ወገን ጫጩት እስከመብላት ይደርሳል። ሀዋሳ ሐይቅ ውስጥ ናይል ፐርች የለም። እዚህ 6 ዓይነት ዓሦች ይኖራሉ፤ ለገበያ የሚወጡት ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና ቢልጫ ሲሆኑ የተቀሩት ሦስቱ ትንንሾች ናቸው፤ እነሱን ብዙ ጊዜ የምታገኟቸው በሌላ ዓሣ ሆድ ውስጥ ነው።

እኔ የምመክረው በአምባዛ ጀምራችሁ ቆሮሶን እንድታስከትሉ ነው። አምባዛ ከጣት ርዝመት ተነሥቶ ከአንድ ክንድ በላይ ስለሚያድግ ለውጡ በግልጽ ይታያል፤ የሚበላውም ነገር በዓይን የሚለይ ነው። ቆሮሶ ግን ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ የሚገለጠው ነገር በጣም ደስ ይላል፤ ወደ እሱ በኋላ እንመጣለን።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

1 ሜትር ማስመሪያ ወይም ሜትር የተለጠፈበት ጣውላ፣ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ ጫፉ ደብዘዝ ያለ አንድ መቀስና ሹል የሆነ ሌላ መቀስ፣ ወረንጦ፣ ነጭ የፕላስቲክ ሳህን፣ መርፌው የወጣለት 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ አጉሊ መነጽር፣ የሐኪም ጓንት፣ ክር፣ ፌስታል፣ በረዶ የያዘ ሳጥን፤ ለቆሮሶ ደግሞ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕና ስላይድ። ለመጻፊያ እርሳስና ጠንካራ ወረቀት ያዙ። ስክሪብቶ አይሆንም፤ ውኃ ሲነካው ይለቃል፤ ስሙ የጠፋ ጨጓራ ደግሞ ለምንም አይጠቅምም።

ደረጃ 1፦ ዓሣውን ከማግኘት በፊት ሰውን ማግኘት

ዓሣው ከጀልባ እንደወረደ ፊሌቶ የሚያወጡት ልጆች እጅ ይገባል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሥጋው ወደ ሚዛን፣ ሆድ ዕቃው ዳር ቆመው ወደሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ ወደ አባ ኮዳዎቹ ይሄዳል። እናንተ የምትፈልጉት አባ ኮዳ የሚበላውን ነው፤ ግን ሳይበለት በፊት ዓሣው መለካት አለበት። ያልተለካ ዓሣ ጨጓራ ከነምግቡ ብታገኙት እንኳ መጠኑን ስለማታውቁ ከጥናታችሁ ውጭ ነው።

ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ሄዳችሁ ተነጋገሩ። ትልልቆቹን አጥማጆች «ጋሼ፣ እኛ ተማሪዎች ነን፤ ሥጋውን አንነካም፤ ሳይበለት ለክተን ሆድ ዕቃውን ብቻ ብንወስድ ይፈቅዱልናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲዳምኛ የምትችሉ በሲዳምኛ ጠይቁ፤ ወዳጅነቱ ቶሎ ይመጣል። ለሚበልቱት ልጆች ለጊዜያቸው የሚገባውን ክፈሏቸው፤ ሥራቸው ፍጥነት ነው፤ እናንተ ደግሞ ታዘገዩአቸዋላችሁ። ማኅበር ካላቸው ለማኅበሩ ኃላፊ ማሳወቅ አይቀርም።

ዋናው ችግር ትንንሾቹ ናቸው። መረብ ትልቅ ዓሣ እንዲይዝ ተብሎ ስለሚሠራ ገበያ ላይ የምታገኙት ሁሉ ያደገ ነው። ያደገ ብቻ ከፍታችሁ «ሲያድግ ምግቡ ይቀየራል» ማለት አትችሉም፤ የሚነጻጸር የለማ! ጫጩቶቹ ያሉት በዳርቻው ፊላና ቄጠማ ውስጥ ነው። እነሱን ለመያዝ በራሳችሁ ፈቃድ ጠባብ መረብ ይዛችሁ አትግቡ። አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አላት፤ ለከተማው ወይም ለወረዳው የዓሣ ሀብት ባለሙያ በትምህርት ቤታችሁ ደብዳቤ ጠይቁ፤ የሚቻል ከሆነ ባለሙያው ባለበት ያዙ። ከሚያስፈልጋችሁ ቁጥር በላይ የተያዘውን ወዲያው መልሱ።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን መምረጥ

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው፤ ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸውም ይኸው ነው።

ቆሮሶ የሚመገበው በቀን ብርሃን ነው። ማታ ላይ መብላቱን ያቆማል፤ ሌሊቱን ይፈጫል፤ ሲነጋ ጨጓራው ባዶ ይሆናል። ማታ ተጥሎ ማለዳ ከሚነሣ መረብ የወጣ ቆሮሶ ብትከፍቱ አብዛኛው ባዶ ሆኖ «ይህ ዓሣ ምንም አይበላም» ወደሚል ስሕተት ይመራችኋል። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት የተያዘውን ፈልጉ። አምባዛ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ በአብዛኛው የሌሊት ተመጋቢ ስለሆነ ማለዳ የወጣው ጥሩ ነው።

በምን እንደተያዘም ጠይቁና መዝግቡ። በመንጠቆ የተያዘ አምባዛ ሆድ ውስጥ መንጠቆው ላይ የተሰካው ቁራጭ ይኖራል። ቁራጩ በቢላዋ የተቆረጠ ጠርዝ ስላለው ይለያል፤ ከምግቡ ቁጥር አውጡት። በመረብ የተያዘ ትልቅ አምባዛም እዚያው መረብ ላይ የተጠመዱ ዓሦችን ሊበላ ይችላል። ጨጓራው ውስጥ ፈጽሞ ያልተፈጨ፣ ቅርፊቱ እንኳ ያልተላቀቀ ቆሮሶ ካገኛችሁ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጉበት።

ደረጃ 3፦ መለካትና መፈጨትን ማስቆም

ዓሣውን በቀኝ ጎኑ ጣውላው ላይ አስተኙት፤ አፉ ዜሮው ላይ ይሁን። ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ያለውን ሙሉ ርዝመት በሴንቲሜትር፣ ከነጥብ በኋላ እስከ አንድ አኃዝ ድረስ መዝግቡ። ከዚያ ክብደቱን። ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የማይለካውን አንድ ነገር ለኩ፦ አፉን ከፍታችሁ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለውን ስፋት። ይህ ቁጥር በኋላ ላይ ብዙ ነገር ያስረዳችኋል።

ዓሣ ቢሞትም የጨጓራው አሲድ ሥራውን አያቆምም። በሀዋሳ ቀትር ፀሐይ ሁለት ሰዓት የቆየ ጨጓራ ውስጥ ለስላሳው ምግብ ሁሉ ወጥ ይሆናል። አምባዛ ደግሞ የባሰ ነው። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ከውኃ ወጥቶም ለረጅም ጊዜ በሕይወት ይቆያል፤ ጀልባው ወለል ላይ ተኝቶ መፍጨቱን ይቀጥላል፤ አንዳንዱም የበላውን ያስመልሳል። ስለዚህ አጥማጁ ፈቃደኛ ከሆነ እንደተያዘ ጭንቅላቱን በአንድ ጠንካራ ምት መትቶ እንዲገድልላችሁና በረዶ ላይ እንዲያኖርላችሁ ጠይቁ። ለዓሣውም ሥቃይ ይቀንሳል።

ጨጓራውን በዚያው ቀን የማትከፍቱት ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ፍሪዘር ከሌለ ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ተጠቀሙ። ፎርማሊን በቤተ ሙከራ፣ ባለሙያ ባለበት ካልሆነ አትንኩ፤ ለዓይንና ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ካንሰርም ያመጣል።

ደረጃ 4፦ መክፈት

አምባዛ ስትይዙ ከስንጥቡ ኋላ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት እሾሆች ተጠንቀቁ፤ ጠርዛቸው ጥርስ አለው፤ የወጋው ቁስል ያመረቅዛል። ዓሣውን በጀርባው አስተኙና ደብዘዝ ያለውን መቀስ ከፊንጢጣው አስገብታችሁ ወደ ጭንቅላቱ ቅደዱ። መቀሱ ቆዳውን ብቻ ይቁረጥ፤ ጠልቆ ከገባ አንጀቱን ይበሳዋል፤ ሐሞቱ ከፈሰሰ ደግሞ ሁሉን አረንጓዴ ያደርገዋል።

ጉበቱን ወደ ጎን ስትገልጡ የአምባዛ ጨጓራ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ከረጢት ሆኖ ይታያል። ከላይ ጉሮሮው ጋ፣ ከታች አንጀቱ ከሚጀምርበት ላይ በክር እሰሩ፤ ከክሩ ውጭ ቁረጡ። የቆሮሶ ጨጓራ ግን ትንሽና ስስ ነው፤ ሆዱን የሞላው አንጀቱ ነው። አንጀቱን ቀስ ብላችሁ ዘርጉና ለኩት። ያደገ ቆሮሶ አንጀት ከሰውነቱ ርዝመት ከ5 እጥፍ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የአምባዛው ከራሱ ርዝመት ብዙም አይበልጥም። ይህን ልኬት ከትንሽ ቆሮሶ ጀምራችሁ ብትመዘግቡ ምግቡ ሲቀየር አንጀቱም አብሮ ሲረዝም ታያላችሁ፤ አልጌና ብስባሽ ለመፍጨት ረጅም መንገድ ያስፈልጋልና።

ሆዱ ውስጥ ከጨጓራው ውጭ የተጠቀለሉ ትሎች ካያችሁ ምግብ ብላችሁ አትመዝግቡ። ጥገኛ ትሎች ናቸው፤ በሀዋሳ ሐይቅ ዓሦች የታወቁ ናቸው። በጨጓራ ውስጥም ሊገኙ ይችላሉ፤ ለየብቻ ቆጥራችሁ «ጥገኛ» በሚል ዓምድ ጻፏቸው። ጥሬ ዓሣ የምትወዱ ሰዎች ይህን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ አብስላችሁ ብትበሉ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ሴት ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ነው የምታቅፈው፤ በዚያን ጊዜ አትመገብም ማለት ይቻላል። ባዶ ጨጓራ ያላት ሴት ካገኛችሁ አፏን ተመልከቱ፤ እንቁላል ካለ ምክንያቱ ያ ነው።

ደረጃ 5፦ ያለውን መለየት

ጨጓራውን ከመክፈታችሁ በፊት ምን ያህል እንደሞላ ገምታችሁ ጻፉ፦ ባዶ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ፣ ሙሉ። ባዶውንም መመዝገብ ግዴታ ነው። ከዚያ ነጩ ሳህን ላይ ትንሽ ውኃ አድርጋችሁ ጨጓራውን በቁመቱ ቅደዱና ያለውን አጥባችሁ አውጡ። የጨጓራውን ግድግዳ በጣት አትጭመቁ፤ ልጣጩ ከምግቡ ጋር ይቀላቀላል።

አሁን በወረንጦ ለዩ። በአምባዛ ውስጥ የምታገኟቸው ክፍሎች በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፦ ዓሣ፣ ነፍሳትና ዕጮቻቸው፣ ቀንድ አውጣ፣ ዞኦፕላንክተን (ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት)፣ የተክል ቁራጭ፣ ጭቃና ብስባሽ። ፕላስቲክም ካለ የራሱ ዓምድ ይኑረው።

የተፈጨ ዓሣን መለየት ከሁሉ የሚከብደው ይመስላል፤ ግን ምልክቶቹ ከተለመዱ ቀላል ነው። ሥጋው ሟሙቶ ቢያልቅም የዓይኑ ሌንስ ይቀራል፤ ክብ፣ ጠንካራ፣ ወተት የመሰለ ነጭ ፍሬ ነው። ሁለት ሌንስ አንድ ዓሣ ብላችሁ ቁጠሩ። ጉሮሮው ላይ ያለው አጥንትም አይሟሟም። የቆሮሶ የጉሮሮ አጥንት ሦስት ማዕዘን ሰሌዳ ሆኖ በላዩ ላይ እንደ ጥርስ ብሩሽ ጥቅጥቅ ብለው የቆሙ ደቃቅ ጥርሶች አሉት፤ በአጉሊ መነጽር ስታዩት ትገረማላችሁ። የቢልጫና የትንንሽ ዘመዶቹ ጥርሶች ግን ጥቂትና ጎበጥ ያሉ ናቸው። ይህን አንድ አጥንት በማየት ብቻ የተበላው ዓሣ የትኛው ወገን እንደነበር መናገር ይቻላል። ለማመሳከሪያ ከገበያ አንድ ቆሮሶና አንድ ቢልጫ ጭንቅላት ቀቅላችሁ አጥንቱን አውጥታችሁ ካርቶን ላይ ለጥፉ፤ ሥራችሁን በግማሽ ያቀልለዋል።

ከነፍሳት መካከል ቀያይ ቀጫጭን ዕጮች ብዙ ጊዜ ይገኛሉ፤ የማይናከሱ የትንኝ መሰል ዝንቦች ዕጮች ናቸው፤ ጭቃ ውስጥ ይኖራሉ። የውኃ ተርብ ዕጭ ደግሞ ስድስት እግሩና ወደ ፊት የሚዘረጋው የታች ከንፈሩ ያሳውቀዋል።

ቆሮሶን በተመለከተ ከጨጓራው አንድ ጠብታ ወስዳችሁ ስላይድ ላይ አድርጉና መጀመሪያ በ100፣ ቀጥሎ በ400 ማጉያ ተመልከቱ። የትንሹ ጠብታ ውስጥ የሳይክሎፕስና የመሰሎቹ ጥቃቅን የውኃ እንስሳት እግሮች፣ ቅርፊቶች፣ የዕጭ ቁርጥራጮች ይታያሉ። የትልቁ ግን ሊጥ የመሰለ አረንጓዴ ነገር ነው፤ በውስጡ በሐይቁ የታወቁት ማይክሮሲስቲስና ቦትሪዮኮከስ የመሳሰሉ አልጌዎች ከብስባሽ ጋር ተደባልቀው ይገኛሉ። ፒኤች የሚለካ ወረቀት ካላችሁ በቀትር የተያዘ ቆሮሶ ጨጓራ ውስጥ ንከሩት። በደንብ ሲመገብ የዋለ ቆሮሶ ፒኤቹ ከ2 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ይህ በጣም ብርቱ አሲድ ነው። ብዙ ዓሣ የማይፈጨውን የሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ግድግዳ የሚሰብርበት ኃይሉ ይኸው ነው።

ደረጃ 6፦ መቁጠርና ማስላት

እያንዳንዱን ክፍል በሦስት መንገድ ለኩ። አንደኛ፣ በስንት ጨጓራ ውስጥ ተገኘ። ሁለተኛ፣ በቁጥር ስንት ነው። ሦስተኛ፣ መጠኑ ስንት ሚሊ ሊትር ነው። ለሦስተኛው የሲሪንጁን ገፊ አውጡና ጫፉን ዝጉ፤ እስከ 5 ሚሊ ሊትር ውኃ ሙሉትና ምግቡን ከላይ ጨምሩ፤ ውኃው ከፍ ያለበት ልዩነት የምግቡ መጠን ነው። ለትልቅ ዓሣ የቤተ ሙከራ ስልንደር ተጠቀሙ።

ለምን ሦስት? በምሳሌ እንየው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከሆኑ አምባዛዎች 25 ከፈታችሁ እንበል፤ 5ቱ ባዶ ናቸው። ከቀሩት 20 ውስጥ በ14ቱ ነፍሳት፣ በ6ቱ ዓሣ ተገኘ። ይህ 70 በመቶና 30 በመቶ ነው። የተቆጠሩት ፍሬዎች በጠቅላላ 240 ሲሆኑ 216ቱ ነፍሳት፣ 12ቱ ዓሦች ናቸው፤ 90 በመቶና 5 በመቶ። በመጠን ግን ከጠቅላላው 60 ሚሊ ሊትር ውስጥ ነፍሳቱ 18፣ ዓሣው 30 ነው፤ 30 በመቶና 50 በመቶ። በቁጥር ብቻ ብትሄዱ «ነፍሳት በሊታ ነው» ትላላችሁ፤ በመጠን ብቻ ብትሄዱ «ዓሣ በሊታ ነው»። ሁለቱም ለየብቻቸው ጎዶሎ ናቸው።

ሦስቱን የሚያገናኝ ስሌት አለ፦ የቁጥሩን በመቶኛና የመጠኑን በመቶኛ ደምሩ፤ ድምሩን በተገኘበት ጨጓራ በመቶኛ አባዙ። ነፍሳቱ (90+30)×70 = 8,400፤ ዓሣው (5+50)×30 = 1,650 ይሆናል፤ ውጤቱ የበለጠው ምግብ ዋነኛው ነው። ተክልና ጭቃ ግን በፍሬ ስለማይቆጠር በዚህ ስሌት ይጎዳል፤ እሱን በመጠንና በተገኘበት ጨጓራ ብቻ አቅርቡት። እኔ ለትምህርት ቤት ሥራ የማደላው ለመጠኑ ነው፤ ተማሪም አጥማጅም ወዲያው ይረዳዋል።

ደረጃ 7፦ በመጠን መደርደር

አምባዛውን በየ10 ሴንቲሜትሩ ክፈሉት፦ ከ10 በታች፣ ከ10 እስከ 20፣ ከ20 እስከ 30፣ እያለ ይቀጥላል። ቆሮሶው ያን ያህል ስለማይረዝም በየ5 ሴንቲሜትሩ ይበቃዋል። በእያንዳንዱ ክፍል ምግብ ያለበት ቢያንስ 15 ጨጓራ እንዲኖር ሞክሩ። መብቃቱን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ አዲስ ጨጓራ በከፈታችሁ ቁጥር አዲስ የምግብ ዓይነት መገኘቱን ከቀጠለ ገና ነው፤ ተከታታይ ጨጓራዎች ቀድሞ የታወቀውን ብቻ ካሳዩ በቅቷል።

ከዚያ በግራፍ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ የርዝመት ክፍል አንድ ቋሚ አሞሌ ሠርታችሁ በምግቡ መጠን በመቶኛ በየቀለሙ ከፋፍሉት። ነፍሳት በቀይ፣ ዓሣ በሰማያዊ፣ ተክል በአረንጓዴ፣ ጭቃ በቡናማ። አሞሌዎቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ስታስቀምጧቸው ለውጡ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

የምታዩትን መረዳት

በአምባዛ በኩል የምትጠብቁት መልክ ይህ ነው፦ ትንንሾቹ በነፍሳትና በዞኦፕላንክተን የተያዙ ናቸው፤ እያደጉ ሲሄዱ የዓሣ ድርሻ ይጨምራል፤ ተክልና ጭቃ ግን በማንኛውም ዕድሜ ጨርሶ አይጠፋም። ትልቅ አምባዛ ውስጥ እንደገና ዞኦፕላንክተን ብታገኙ አትደናገጡ፤ ስንጥቡ ላይ ያሉት ማጣሪያዎች ብዙና ረጃጅም ስለሆኑ ውኃውን አጥልሎ መብላት ይችላል። የአፉን ስፋት ከተበሉት ዓሦች ጋር ስታነጻጽሩ ደግሞ ነገሩ ይገባችኋል። አፉ 2 ሴንቲሜትር የሆነ አምባዛ ከጀርባው እስከ ሆዱ 4 ሴንቲሜትር የሆነ ቆሮሶ ሊውጥ አይችልም፤ ፍላጎት ቢኖረውም በር የለውም።

በቆሮሶ በኩል መልኩ ይገለበጣል። ጫጩቱ የሚጀምረው በሥጋ ነው፤ በጥቃቅን እንስሳት። ሲያድግ ወደ አልጌና ብስባሽ ይዞራል። እንግዲህ ሁለቱ ዓሦች በጨቅላነታቸው እዚያው ፊላና ቄጠማ ሥር አንድ ዓይነት ምግብ ይለቅማሉ፤ ከዚያ አንዱ ወደ አዳኝነት፣ ሌላው ወደ አልጌ በሊታነት ይለያያሉ፤ በመጨረሻም አንዱ የሌላው ምግብ ይሆናል። «የሐይቁን ዳር ቄጠማ አታጥፉ» የሚባለው ለውበት ብቻ አይደለም። ዳርቻው ሲጠረግ የሚጎዳው ጫጩቱ ነው፤ የሁለቱም ዓሦች የመጀመሪያ ማዕድ ያለው እዚያ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። አጥንት፣ የነፍሳት ቅርፊትና የቀንድ አውጣ ሽፋን ጨጓራ ውስጥ ይቆያሉ፤ ትልና ለስላሳ ዕጭ ግን ቶሎ ይጠፋሉ። ስለዚህ ጠንካራው ምግብ ከእውነተኛ ድርሻው በላይ ይታያል። ሁለተኛ፣ በክረምት ጥቁር ውኃ ወንዝ ሞልቶ ጭቃና ቅጠል ወደ ሐይቁ ሲያመጣ የሚበላውም ይለወጣል። ትንንሾቹን በየካቲት፣ ትልልቆቹን በነሐሴ ከያዛችሁ የምታነጻጽሩት መጠንን ይሁን ወቅትን አታውቁትም። ሁሉንም መጠን በአንድ ወቅት ሰብስቡ፤ አቅም ካላችሁ በሌላው ወቅት ድገሙት። ለትልልቆቹ የዓቢይ ጾም ጊዜ ይመቻል፤ ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ገበያው ላይ ብዙ ይወርዳል።

በሥራ ላይ ማዋል

ለመንጠቆ አጥማጅ፦ ትልቅ አምባዛ ከፈለጋችሁ የዓሣ ቁራጭ ስቀሉ፤ በዳርቻው ቄጠማ አጠገብ በትል ብትሞክሩ የሚመጣው በአብዛኛው ትንሹ ነው፤ እሱን ደግሞ እንዲያድግ መልሱት።

ለኩሬ አርቢ፦ የቆሮሶ ጫጩት እንደ ትልቁ አልጌ ብቻ በልቶ አያድግም። ለጫጩቱ ከ35 እስከ 45 በመቶ ፕሮቲን ያለው፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ መኖ ስጡት፤ እያደገ ሲሄድ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይበቃዋል፤ የመኖው ፍሬም ከአፉ ጋር ይተልቅ። አምባዛ የምታረቡ ከሆነ ደግሞ መጠናቸው የተለያየ ጫጩቶችን አንድ ላይ አታቆዩ። ፈጥነው ያደጉት የቀሩትን ይበላሉ፤ ጠዋት ስትቆጥሩ ቁጥሩ ጎድሎ የምታገኙት ሌባ ገብቶ ላይሆን ይችላል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በወንፊት ለይታችሁ እኩያን ከእኩያ ጋር አድርጉ። ይኸው የአምባዛ ጠባይ ግን ለቆሮሶ ኩሬ ይጠቅማል። ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ያለልክ ይራባና ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል፤ ጥቂት አምባዛ ብታስገቡ ጫጩቱን እየበላ ቁጥሩን ይቆጣጠርላችኋል። የምታስገቡት አምባዛ ግን ካሉት ትልልቅ ቆሮሶዎች ያነሰ ይሁን፤ አለበለዚያ ለገበያ ያሰባችሁትን ይበላዋል። ስንት ሴንቲሜትር የሆነ አምባዛ ስንት ሴንቲሜትር የሆነ ቆሮሶ እንደሚውጥ ከራሳችሁ መዝገብ፣ ከአፍ ስፋቱ ዓምድ ላይ አንብቡት።

ሥራው ሲያልቅ ሳህኑንና መቀሱን በሳሙናና በበረኪና እጠቡ፤ የተረፈውን ሆድ ዕቃ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ፤ ወደ ሐይቁ አትመልሱት። በአልኮል የቆየ ጨጓራ ለድመትም ለአባ ኮዳም አይሰጥም። የመዝገቡን አንድ ቅጂ ዓሣቸውን ላስለኳችሁ አጥማጆች ስጡ፤ ግራፉን ጀልባው ጋ ወስዳችሁ በቃል አስረዷቸው። በየትኛው ወር፣ በየትኛው ዳርቻ፣ ምን ያህል መጠን ያለው ዓሣ እንደሚወጣ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸውና የሚቀጥለው ዙር ናሙና የት እንደሚያዝ እዚያው አብራችሁ ወስኑ።